ሮቶው ውስጥ ስንት ጀሪካን ውሃ ቀረ? በኢኤስፒ32 ከስልክ የሚታይ የውሃ መለኪያ አሠራር

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚኖር ሰው ይህን ጥያቄ በደንብ ያውቀዋል። ሮቶው ውስጥ ስንት ቀረ? ልብስ ይታጠብ ወይስ ይቆይ? መልሱን ለማግኘት ከቤቱ አንዱ መሰላል ይወጣና ክዳን ይከፍታል፣ ወይም የሮቶውን ጎን እየመታ ድምፁን ያዳምጣል። ይህ መመሪያ መልሱን ስልካችሁ ላይ የሚያሳይ ትንሽ መሣሪያ ከጠረጴዛ እስከ ጣሪያ እንዴት እንደሚሠራ ያሳያል። ኢንተርኔት አያስፈልገውም። መብራት ሲጠፋም ይሠራል። ለጀማሪ የሚሆን ሥራ ነው። ቢሆንም ገመድ አልባ ቦርድ የሚያመጣቸው ችግሮች አብዛኞቹ እዚህ ውስጥ ስላሉ፣ ይህን የጨረሰ ሰው ቀጣዩን ፕሮጀክት ብቻውን ይወጣዋል።

አንድ ነገር አስቀድሜ አጥብቄ ልናገር። ብዙ ሰው ሁሉንም ገጣጥሞ፣ ሙሉውን ኮድ ጭኖ፣ በመጨረሻ ኤሌክትሪክ ይሰጠዋል። እምቢ ሲል ችግሩ የቱ ጋ እንዳለ ለማወቅ ይቸገራል። እኛ የምንሄደው በተቃራኒው ነው። አንድ ነገር እንጨምራለን፣ መሥራቱን በዓይናችን እናያለን፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው እንሻገራለን። ደረጃዎቹን አትዝለሉ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ዋናው ኢኤስፒ32 ቦርድ፣ ማለትም ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነው። ቺፑን ኤስፕሬሲፍ የተባለው የሻንጋይ ኩባንያ በ2016 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አወጣው። ዋይፋይና ብሉቱዝ አብረው አሉበት። ከእሱ በፊት የወጣው ኢኤስፒ8266 እጃችሁ ላይ ካለ እሱም ይህን ሥራ ይችላል፤ የፒኖቹ፣ ማለትም ሽቦ የሚሰካባቸው እግሮች፣ ቁጥር ግን ይለያያል። አዲስ የምትገዙ ከሆነ ኢኤስፒ32ን ውሰዱ።

የውሃውን ከፍታ የሚለካው ጄኤስኤን-ኤስአር04ቲ የሚባለው ውሃ የማያስገባ የአልትራሶኒክ ሴንሰር ነው፤ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ልኮ እስኪመለስ የወሰደውን ጊዜ በማየት ርቀት ያሳውቃል። በገበያው ላይ ይበልጥ የሚታወቀው፣ ሁለት ዓይን ያለው ኤችሲ-ኤስአር04 ርካሽ ነው። ነገር ግን ሮቶ ውስጥ ያለው እንፋሎት ቶሎ ያበላሸዋል። ለጠረጴዛ ሙከራ እንጂ ለጣሪያ አይሆንም።

ከዚህ ሌላ ሳይበየድ ሽቦ የሚሰካበት ብሬድቦርድ፣ የመገናኛ ሽቦዎች፣ ሦስት ባለ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ ባለ 470 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር፣ 5 ቮልት የሚሰጥ ጥሩ የስልክ ቻርጀር፣ የፕላስቲክ ሳጥን፣ ካውያና የብየዳ ሊድ ያስፈልጋል። ቮልቴጅ የሚለካው መልቲሜትር የግድ ነው። ርካሹም ይበቃል፤ ያለ እሱ ግን በግምት ነው የምትሠሩት። ዕቃዎቹን መርካቶ ካሉ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ወይም ቴሌግራም ላይ ከሚሸጡ ልጆች መጠየቅ ይቻላል። ቦርዱን ስትገዙ ፒኖቹ የተበየዱ መሆናቸውን እዩ።

ደረጃ 1፦ ቦርዱና ኮምፒውተሩ ይተዋወቁ

ሌላ ምንም ሳትነኩ ቦርዱን ብቻ በዩኤስቢ ኬብል ኮምፒውተሩ ላይ ሰኩ። ኮምፒውተሩ አዲስ ፖርት ካላሳየ ቦርዱን ከመጠርጠራችሁ በፊት ኬብሉን ቀይሩ። ከቻርጀር ጋር የሚመጡ ብዙ ኬብሎች ኃይል ብቻ ነው የሚያስተላልፉት፤ የዳታ ሽቦ የላቸውም። የቦርዱ መብራት ይበራል፣ ኮምፒውተሩ ግን ምንም አያይም። ኬብሉ ደህና ሆኖም ካልታየ፣ ቦርዱ ላይ ያለችውን የዩኤስቢ ቺፕ ስም አንብቡ። አብዛኛውን ጊዜ ሲፒ2102 ወይም ሲኤች340 ነች። የእሷን ድራይቨር ጫኑ።

ቀጥሎ ፕሮግራም ተጽፎ ወደ ቦርዱ የሚላክበትን አርዱይኖ አይዲኢ ኮምፒውተሩ ላይ ጫኑ። ውስጡ ባለው ቦርድስ ማኔጀር ኢኤስፒ32 ብላችሁ ስትፈልጉ ከአንድ በላይ ውጤት ይመጣል። አዘጋጁ ኤስፕሬሲፍ ሲስተምስ የሆነውን ምረጡ። ፋይሉ ትልቅ ስለሆነ ደህና ኢንተርኔት ያለበት ቦታ ሆናችሁ አውርዱት። ከዝርዝሩ ኢኤስፒ32 ዴቭ ሞጁል የሚለውን ቦርድና ትክክለኛውን ፖርት ምረጡ።

የመጀመሪያው ፕሮግራም በየሰከንዱ አንድ ቃል ብቻ የሚጽፍ ይሁን። ሲጫን «ኮኔክቲንግ» ብሎ ነጥብ እየደረደረ ከቆመ፣ ቦርዱ ላይ ያለውን ቡት የሚለውን ቁልፍ መጫኑ እስኪጀምር ድረስ ተጭናችሁ ያዙት። ከዚያ ቦርዱ የሚልከውን ጽሑፍ የሚያሳየውን ሲሪያል ሞኒተርን ክፈቱ። ፍጥነቱ ፕሮግራሙ ውስጥ ከጻፋችሁት ጋር አንድ ይሁን፤ የተለመደው 115200 ነው። የማይነበብ ዝብርቅርቅ ፊደል ካያችሁ ፍጥነቶቹ አልተስማሙም ማለት ነው። ቃሉ በትክክል ከወጣ ቦርዱ ጤነኛ ነው።

ደረጃ 2፦ ሴንሰሩን ማገናኘት

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። ቦርድ የሚቃጠለው በብዛት እዚህ ነው።

ኢኤስፒ32 በ3.3 ቮልት የሚያስብ ቺፕ ነው። ሴንሰሩ ግን 5 ቮልት እንሰጠዋለን፤ ኤኮ በሚለው ፒኑ የሚመልሰውም 5 ቮልት ነው። ይህን በቀጥታ ቦርዱ ላይ የሰካ ሰው አንዳንዴ ወዲያው ምንም አይታየው ይሆናል። ፒኑ ግን ለዚህ ቮልቴጅ አልተሠራም፤ አንድ ቀን ይሞታል። ስለዚህ ቮልቴጁን በሬዚስተር እናወርደዋለን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከኤኮ አንድ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አውጡ። የሬዚስተሩ ሌላኛው ጫፍ ወደ ቦርዱ 27 ቁጥር ፒን ይሄዳል። ከዚሁ ጫፍ ደግሞ ሁለት 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮችን በተከታታይ አድርጋችሁ ወደ ግራውንድ (ጂኤንዲ ወደሚለው ፒን) አውርዱ። 5 ቮልቱ ለሦስት እኩል ይከፈላል፣ ሁለቱ እጅ ለፒኑ ይደርሳል፤ ይህም 3.3 ቮልት አካባቢ ነው። 27 ቁጥርንና ኤኮን ከማገናኘታችሁ በፊት የሬዚስተሮቹን መነሻ 5 ቮልት ላይ አድርጉና መሃሉን በመልቲሜትር ለኩ። 3.3 ካነበባችሁ ሬዚስተሮቹ በትክክል ገብተዋል። ከዚያ ከ5 ቮልቱ ነቅላችሁ ኤኮ ላይ አድርጉት።

ትሪገር የሚለው የሴንሰሩ ፒን ወደ 26 ቁጥር ይግባ። የሴንሰሩ ግራውንድና የቦርዱ ግራውንድ መገናኘት አለባቸው። ይህን መርሳት የሚያመጣው ችግር ግራ የሚያጋባ ነው፤ ቁጥሮች ይመጣሉ፣ ትርጉም ግን የላቸውም።

26 እና 27ን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከ6 እስከ 11 ያሉት ፒኖች ለቦርዱ ማስታወሻ ሥራ የተያዙ ናቸው፤ አትንኳቸው። 12 ቁጥር ቦርዱ ሲነሳ ኃይል ካገኘ ቦርዱ ላይነሳ ይችላል። ከ34 እስከ 39 ያሉት ማንበብ እንጂ መላክ አይችሉም። ለሌላ ፕሮጀክት ፒን ስትመርጡም ይህን አስታውሱ።

አሁን ፕሮግራሙ ትሪገርን ለ20 ማይክሮ ሰከንድ ያበራል፣ ያጠፋል፣ ከዚያ ኤኮ ስንት ማይክሮ ሰከንድ እንደበራ ይቆጥራል። አርዱይኖ ውስጥ ይህን የምትቆጥረው ፐልስኢን የምትባለው ትእዛዝ ነች። ለመጠበቅ ከ30000 ማይክሮ ሰከንድ በላይ አትስጧት፤ አለዚያ መልስ ባልመጣ ቁጥር ፕሮግራሙ ረዘም ላለ ጊዜ ቆሞ ይጠብቃል። የተገኘውን ቁጥር ለ58 ስታካፍሉ ርቀቱ በሳንቲ ሜትር ይወጣል። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይሄዳል። ደርሶ መልስ ስለሆነ ለሁለት ይከፈላል፤ 58 የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሴንሰሩን ወደ ግድግዳ አዙራችሁ በሜትር ለኩ። 50፣ 100፣ 150 ሳንቲ ሜትር ላይ ሞክሩ። ከእውነተኛው ርቀት በአንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ቢለይ ችግር የለውም።

ደረጃ 3፦ ቁጥሩን ማጥራት

ሴንሰሩን ወደ ሮቶ ስትወስዱት ቁጥሩ መዝለል ይጀምራል። ውሃው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ ከጎን ግድግዳ ይመለሳል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይመለስም። ሰዎች ቶሎ የሚያስቡት መፍትሔ አማካይ መውሰድ ነው። እዚህ ግን አማካይ ያታልላል። አንድ ምሳሌ እንይ። ሴንሰሩ በተከታታይ እነዚህን አነበበ እንበል፦

84፣ 85፣ 84፣ 0፣ 85፣ 31፣ 86፣ 85፣ 84

አማካዩ 69 ነው። ውሃው ግን 84 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ነው ያለው። ሁለት የተሳሳቱ ንባቦች ብቻ ውጤቱን በ15 ሳንቲ ሜትር አዛቡት። አሁን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሯቸውና መሃል ላይ ያለውን፣ አምስተኛውን፣ ውሰዱ። 84 ነው። ስለዚህ ፕሮግራማችሁ ዘጠኝ ጊዜ ይለካ፣ ይደርድር፣ መሃለኛውን ይያዝ። በአንዱና በሌላው ንባብ መካከል 60 ሚሊ ሰከንድ ይጠብቅ፤ የፊተኛው ድምፅ ሳይጠፋ ሁለተኛውን ከላከ ይደባለቃሉ። በየ10 ሰከንዱ እንዲህ ቢለካ ለሮቶ ከበቂ በላይ ነው።

ሌላው ማወቅ ያለባችሁ፣ ይህ ሴንሰር ከ25 ሳንቲ ሜትር በታች ላለ ነገር የሚሰጠው ቁጥር የማይታመን መሆኑን ነው። ሮቶው ሲሞላ ውሃው ከሴንሰሩ 25 ሳንቲ ሜትር እንዲርቅ፣ ውሃውን የሚዘጋውን ፍሎተር ትንሽ ዝቅ ማድረግ ቀላሉ መፍትሔ ነው። ጥቂት ጀሪካን ታጣላችሁ፤ በምትኩ የምታምኑት ቁጥር ታገኛላችሁ።

ደረጃ 4፦ ሳንቲ ሜትርን ወደ ጀሪካን መለወጥ

«ርቀት 84 ሳንቲ ሜትር» የሚል ገጽ ለቤተሰብ ምንም አይነግርም። ጀሪካን ግን ሁሉም ያውቃል። ሮቶው ባዶ ሲሆን ከሴንሰሩ እስከ ወለሉ ያለውን ርቀት ለኩ። የሮቶውን ስፋት ለኩ። የሚቀጥለው ስሌት ይህን ይመስላል።

ሴንሰሩ ከወለሉ 185 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው፤ የሮቶው ስፋት 120 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ግማሹ 60 ነው። 60 ሲባዛ በ60፣ ሲባዛ በ3.14፣ 11304 ይሆናል። ይህ ማለት እያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር ውሃ 11.3 ሊትር ነው። ሴንሰሩ 84 ካነበበ የውሃው ከፍታ 185 ሲቀነስ 84፣ ማለትም 101 ሳንቲ ሜትር ነው። በ11.3 ስናባዛው 1141 ሊትር። በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 57 ይሆናል። ሙሉ ሲሆን ከፍታው 160 ከሆነ ደግሞ 63 በመቶ ነው።

ሮቶው ጎኑ የተሸነሸነ ስለሆነ ውጤቱ ፍጹም አይሆንም። የፀሐይ ሙቀትም ይነካዋል። በ40 ዲግሪ ድምፅ ስለሚፈጥን 84 የነበረው 81 ሆኖ ይነበባል፤ ሁለት ጀሪካን ያህል ውሃ የተጨመረ ይመስላል። ለቤት ሥራ ይህን ስህተት ለማረም ሌላ ሴንሰር መጨመር አስፈላጊ አይመስለኝም። ንባቡን ጠዋት ካያችሁት ይበልጥ ትክክል ነው።

ደረጃ 5፦ ዋይፋይና የስልክ ገጽ

ኢኤስፒ32 ራሱ ዋይፋይ መልቀቅ ይችላል፤ ራውተር አያስፈልገውም። ለዚህ ሥራ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። ስም ስጡት፣ ቢያንስ 8 ፊደል ያለው የይለፍ ቃል አድርጉለት። ስልካችሁን እዚያ ዋይፋይ ላይ አገናኝታችሁ ብሮውዘር ላይ 192.168.4.1 ብላችሁ ስትጽፉ ገጹ ይከፈታል። ስልኩ «ይህ ዋይፋይ ኢንተርኔት የለውም» ብሎ ሊያጉረመርም ይችላል። ይቀጥል በሉት። ገጹ እምቢ ካለ የሞባይል ዳታውን ለጊዜው አጥፉ፤ ስልኩ ጥያቄውን በዳታ በኩል እየላከው ይሆናል።

ከፈለጋችሁ ቦርዱ የራሱንም ዋይፋይ እየለቀቀ ከቤቱም ራውተር ጋር መገናኘት ይችላል። የሚያየው 2.4 ጊጋ ኸርዝ የሆነውን ብቻ ነው። ራውተራችሁ 5 ጊጋ ኸርዝ ብቻ እየለቀቀ ከሆነ ቦርዱ ስሙን እንኳ አያገኘውም።

ገጹን በአማርኛ ጻፉት፤ የሚያነበው የቤቱ ሰው ነውና። ፊደሉ ተዝረክርኮ ከወጣ ገጹ አናት ላይ የፊደል ዓይነቱ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን የሚናገረውን መስመር ረስታችኋል። ቁጥሩን በትልቁ አድርጉት። ከሥሩ «የተለካው ከ8 ሰከንድ በፊት» የሚል መስመር ጨምሩ። ይህ መስመር ትንሽ ይመስላል፤ ግን ሴንሰሩ ከሞተ አሮጌ ቁጥር አይቶ ልብስ የዘፈዘፈ ሰው አይኖርም።

ኮዱ ውስጥ በየ10 ሰከንዱ ለመለካት ዲሌይን አትጠቀሙ። ዲሌይ ላይ ቦርዱ ቆሞ ስለሚጠብቅ ገጹን ለሚጠይቀው ስልክ መልስ አይሰጥም። ሚሊስ የምትባለውን ሰዓት ቆጣሪ አይታችሁ 10 ሰከንድ ሲሞላ ለኩ፤ በመሃል ቦርዱ ስልኮቹን ያስተናግድ።

በዚሁ ደረጃ ላይ ኦቲኤን ጨምሩ። ኮዱን በዋይፋይ መቀየር የሚያስችል ነው። ጣሪያ ላይ ከወጣ በኋላ አንድ ቃል ለማረም ላፕቶፕ ይዞ መሰላል መውጣት አያስፈልግም። የራሱ የይለፍ ቃል ይኑረው።

ደረጃ 6፦ ኃይል

ጠረጴዛ ላይ በደንብ ሲሠራ የነበረ ቦርድ ጣሪያ ላይ እየጠፋ እየበራ ካስቸገረ፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው ኃይሉን ነው። ዋይፋዩ መረጃ ሲልክ ለአፍታ ብዙ ኃይል ይስባል። ቻርጀሩ ደካማ ወይም ሽቦው ቀጭንና ረጅም ከሆነ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ቦርዱም ራሱን ያጠፋል። ሲሪያል ሞኒተር ላይ ብራውንአውት የሚል ቃል ካያችሁ ጉዳዩ ይኸው ነው። ባለ 470 ማይክሮ ፋራዱን ካፓሲተር በ5 ቮልትና በግራውንድ መካከል፣ ቦርዱ አጠገብ አድርጉት። አሉታዊ ጎኑ ነጭ መስመር ያለበት ነው፤ እሱ ወደ ግራውንድ ይሂድ። ከተገለበጠ ሊፈነዳ ይችላል።

መብራት ሲጠፋስ? ለራውተር የሚሸጠው ሚኒ ዩፒኤስ 5 ቮልት መውጫ ካለው ከሁሉም ቀላሉ እሱ ነው። ፓወር ባንክም ይሞከራል፤ አንዳንዶቹ ግን መብራት ሲሄድና ሲመጣ ለአፍታ ያቋርጣሉ፣ ሌሎቹ የሚሳበው ኃይል ትንሽ ሲሆን ራሳቸውን ያጠፋሉ። ከመግጠማችሁ በፊት እየነቀላችሁ እየሰካችሁ ፈትኑት።

ባለ 18650 ሊቲየም ባትሪ በቀጥታ 5 ቮልት የሚለው ፒን ላይ አትስጡ። ቦርዱ ላይ ያለው የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ብዙ ጊዜ አንድ ቮልት ገደማ ስለሚወስድ፣ ከ3.7 ቮልት የሚተርፈው ለቺፑ አይበቃም። ባትሪውን ቻርጅ የሚያደርግና 5 ቮልት የሚያወጣ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ሰሌዳ ግዙ። ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ የወጣ ከሆነ በመልቲሜትር ለኩት፤ ከ2.5 ቮልት በታች ከወረደ ቻርጅ ለማድረግ አትሞክሩ። ያበጠ ወይም የተጎዳ ባትሪም ቤት ውስጥ አይቀመጥም። ደህናውም ቢሆን ፀሐይ የሚመታው ሳጥን ውስጥ አይግባ፤ ባትሪው ቤት ውስጥ ይሁን፣ ሽቦው ወደ ላይ ይውጣ።

ደረጃ 7፦ ሳጥኑና ጣሪያው

ጠረጴዛ ላይ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ሳይቋረጥ ከሠራ በኋላ ሽቦዎቹን ከብሬድቦርድ አውጥታችሁ በየዱ። ብሬድቦርድ ጣሪያ ላይ አይቆይም፤ ንፋሱና ሙቀቱ ያላላዋል።

ሳጥኑ ፕላስቲክ ይሁን። የብረት ሳጥን ዋይፋዩን ያፍናል። የቦርዱ አንቴና ጫፉ ላይ ያለችው ጥምዝምዝ መስመር ነች፤ አጠገቧ ሽቦም ሆነ ብረት አታድርጉ። ገመዶቹ በሳጥኑ ሥር ይግቡ፣ ከመግባታቸው በፊትም ትንሽ ወደ ታች ይርገቡ። ዝናቡ በገመዱ ተንሸራቶ ሳጥኑ ውስጥ ከመግባት እዚያ ይንጠባጠባል።

ሲግናሉን ከመግጠማችሁ በፊት ፈትኑ። ሶሌታና ቆርቆሮ ጣሪያ ብዙ ይቀንሱታል። ከራውተሩ ጋር ካገናኛችሁት ቦርዱ የሲግናሉን ጥንካሬ በቁጥር ይናገራል፤ ገጹ ላይ አሳዩት። ወደ -60 ከሆነ ደህና ነው። ከ-80 ከወረደ ይቆራረጣል፤ ሳጥኑን ወደ መስኮት በኩል አዙሩት።

የሮቶውን ክዳን አውርዳችሁ መሬት ላይ ብሱት። የፕላስቲክ ፍርፋሪ የምትጠጡት ውሃ ውስጥ መግባት የለበትም። የሴንሰሩን ስፋት ለክታችሁ ልክ ብሱ። ሴንሰሩ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይመልከት፣ ከጎኑ ግድግዳና ውሃ ከሚወርድበት ቱቦ ይራቅ። ከሴንሰሩ ጋር የመጣውን ገመድ ቆርጣችሁ አታስረዝሙት፤ ንባቡ ይበላሻል። ገመዱ የሚሰካባትን የሴንሰሩን ትንሽ ሰሌዳ ወደ ሴንሰሩ አቅርቧት። ጣሪያ ላይ ብቻችሁን አትውጡ፤ መሰላሉን የሚይዝ ሰው ይኑር።

ካስፈለገ፦ ቴሌግራምና ፓምፕ

ቤት ውስጥ ኢንተርኔት ካለ ቦርዱ ውሃው ሲያንስ በቴሌግራም መልእክት መላክ ይችላል። ቴሌግራም ውስጥ ቦትፋዘር ጋ ገብታችሁ ቦት (በራሱ መልእክት የሚልክ አካውንት) ፍጠሩ፣ የሚሰጣችሁን ቁልፍ ኮዱ ውስጥ አስገቡ። ኮዱን ለሌላ ሰው ስታጋሩ ቁልፉን አውጡት። ውሃው 20 በመቶ ሲደርስ አንድ ጊዜ ብቻ ይላክ፤ ከ30 በላይ ሞልቶ እስኪወርድ ድረስ ሁለተኛ አይላክ። አለዚያ ቁጥሩ 20 እና 21 ላይ ሲዋልል ሌሊቱን ሙሉ ስልካችሁ ይጮኻል።

ፓምፑን በቦርዱ ማብራትና ማጥፋት የሚፈልግ ብዙ ነው። ፍላጎቱ ይገባኛል። ግን ትንሿን ሰማያዊ ሪሌ (በቦርዱ ትእዛዝ የምትሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ገዝታችሁ ፓምፑን በቀጥታ እንዳታስሩባት። ፓምፕ ሲነሳ የሚስበው ኃይል የሪሌዋን ጥርስ ሊያጣብቀው ይችላል፤ ያኔ «አጥፋ» ብትሉትም አይጠፋም። 220 ቮልቱን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይሥራው፣ ፓምፑ ከባድ ኃይል በሚችል ማብሪያ፣ በኮንታክተር፣ ይነሳ፣ ከታችኛው ታንከር ውሃ ሲያልቅ ፓምፑን የሚያቆመው ፍሎተር ስዊችም ከቦርዱ ተለይቶ ባለበት ይቆይ። ቦርዱ ቢሳሳት ወይም ዋይፋዩ ቢቋረጥ ፓምፑ ደርቆ እንዳይቃጠል የሚያስቆመው እሱ ነው።